ከቪኤችኤስ ወደ ኮምፒውተር የተገለበጠ ቪዲዮ፦ የላይኛው ጠርዝ ይታጠፋል፣ ብርሃኑ ይዋዥቃል፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ጥርስ ያወጣል

የሠርግ ካሴት

ጤና ይስጥልኝ። የወላጆቼን ሠርግ የያዘ፣ በ1986 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተቀረጸ የቪኤችኤስ ካሴት ወደ ኮምፒውተር በመገልበጥ ላይ እገኛለሁ። ካሴቱ ባለ 180 ደቂቃ ነው፤ ዴኩ ቤት ውስጥ የቆየ ተራ ዴክ ሲሆን፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ከገበያ የገዛሁት ርካሽ የዩኤስቢ መቅረጫ ነው። የምቀዳው ከመቅረጫው ጋር አብሮ በመጣው ፕሮግራም ሲሆን፣ ፕሮግራሙ እየቀዳ በዚያው ወደ ኤምፔግ 2 ይጨምቀዋል።

ውጤቱ ግን የሚያሳዝን ነው። የምስሉ የላይኛው ጠርዝ ወደ ቀኝ ታጥፎ ይውለበለባል። የሙሽራዋ ቬሎ ወይም የእናቶች ነጭ ነጠላ በካሜራው መብራት ሲመታ ሙሉው ምስል በድንገት ይጨልምና ቀስ ብሎ ተመልሶ ይፈካል። ዘመድ አዝማዱ እስክስታ ሲወርድ የትከሻው ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያወጣል። ከምስሉ ግርጌ ሁልጊዜ የሚንቀጠቀጥ ቀጭን ጭረት አለ፤ ካሴቱ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ደግሞ ድምፁና የሰዎቹ አፍ አይገጥሙም። ይበልጥ ግራ ያጋባኝ ግን ያንኑ ካሴት በዚያው ዴክ ከአሮጌው ወፍራም ቴሌቪዥን ጋር ሳገናኘው ጠርዙ ቀጥ ብሎ መታየቱ ነው። ከእነዚህ ችግሮች ውስጥ ካሴቱ ላይ ያሉት የትኞቹ ናቸው? መሣሪያው የፈጠራቸውስ የትኞቹ? በኋላ በፕሮግራም የሚስተካከሉ ከሆነ መቅዳቴን ልቀጥል ወይስ ላቁም?

625 መስመር

ለጊዜው ቢያቆሙት ይሻላል። የዘረዘሯቸው ነገሮች አምስት ቢሆኑም መነሻቸው አንድ አይደለም፤ አንዱን በሌላው መድኃኒት ለማከም መሞከር ደግሞ ሰውን ብዙ ያደክማል። ሁለቱ ጭራሽ ችግር አይደሉም፤ ሦስቱ ግን ምስሉ ኮምፒውተር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ካልተያዙ በኋላ በየትኛውም ፕሮግራም በወጉ አይድኑም።

ችግር ካልሆኑት ልጀምር። በቪኤችኤስ ዴክ ውስጥ ከበሮው በሰከንድ 25 ጊዜ ይሽከረከራል፤ በከበሮው ተቃራኒ ጎኖች ላይ የተገጠሙት ሁለት ሄዶች፣ ማለትም ቴፑን የሚያነቡት ጫፎች፣ እያንዳንዳቸው ግማሽ ፍሬም ያነባሉ። አንዱ ሄድ ለሌላው የሚያስረክበው ግማሽ ፍሬሙ ሊያልቅ ጥቂት መስመሮች ሲቀሩት ነው፤ ግርጌ ላይ የሚያዩት የሚንቀጠቀጥ ጭረት ይኸው ርክክብ ነው። አሮጌዎቹ ቴሌቪዥኖች የምስሉን ዳር ዳር ከመስታወቱ ክፈፍ ውጭ አድርገው ስለሚደብቁት ማንም አይቶት አያውቅም ነበር። ስለዚህ አይጠገንም፤ ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ በጥቁር ይሸፈናል።

ጥርሱም እንዲሁ የሥርዓቱ ተፈጥሮ ነው። ኢትዮጵያ የተጠቀመችበት የፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት 625 መስመሮች ያሉት ሲሆን፣ ምስል የሚይዙት 576ቱ በአንድ ጊዜ አይመጡም፤ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው፣ ከሰከንድ 50ኛ ክፍል በኋላ ደግሞ ሙሉ ቁጥር ያላቸው ይመጣሉ። እስክስታ የሚወርድ ሰው በዚያች ቅጽበት ትከሻው ቦታ ስለሚለውጥ ኮምፒውተሩ ሁለቱን ግማሾች አጋጥሞ ሲያሳይ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። ይህ እስከ መጨረሻው ድረስ ሳይነካ መቆየት ያለበት መረጃ ነው፤ በሚቀዱበት ጊዜ መቅረጫው ውስጥ ጥርሱን የሚያጠፋ ምርጫ ቢኖር እንኳ ያጥፉት።

የላይኛው ጠርዝ መታጠፍ ግን እውነተኛ ችግር ነው። ቴፑ ፕላስቲክ ስለሆነ ይሳባል፣ ይኮማተራል፤ ሄዶቹ በተረካከቡ ቁጥርም አዲሱ መስመር የሚጀምርበት ጊዜ ትንሽ ይዘላል። አንድ የፓል መስመር 64 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል። መቅረጫው በሰከንድ 13.5 ሚሊዮን ጊዜ ናሙና ስለሚወስድ መስመሩ በ1 ማይክሮሰከንድ ብቻ ቢዘገይ ምስሉ በ13 ፒክስል ገደማ ወደ ጎን ይሸሻል። አሮጌው ቴሌቪዥን ለዚህ መዝለል ቶሎ ምላሽ ስለሚሰጥ፣ የምስሉ የሚታየው ክፍል ሳይጀምር መስመሩን ያቀናዋል። ርካሹ መቅረጫ ግን ሲግናሉ እንደ ጣቢያ ስርጭት የተስተካከለ ነው ብሎ ስለሚያስብ ለማቅናት ብዙ መስመሮች ይፈጅበታል፤ እነዚያ መስመሮች ናቸው ላይ ታጥፈው የሚታዩዎት። መፍትሔው በዴኩና በመቅረጫው መካከል የመስመሮችን ጊዜ የሚያስተካክል መሣሪያ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ቲቢሲ፣ ማስገባት ነው። በከፍተኛ ዋጋ የሚሸጥ ራሱን የቻለ ቲቢሲ መፈለግ የለብዎትም። በ2000ዎቹ አጋማሽ የወጡት የፓናሶኒክ ዲቪዲ መቅረጫዎች፣ በተለይ ዲኤምአር-ኢኤስ10 እና ዲኤምአር-ኢኤስ15 የተባሉት፣ ምስሉን በውስጣቸው አሳልፈው ብቻ ሲያወጡት መስመሮቹን ያቀኑታል። ዲስክ መቅዳት አይጠበቅብዎትም፤ የዲስክ ማጫወቻው የሞተ እንኳ ቢሆን ለዚህ ሥራ ያገለግላል፤ ስለዚህ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በርካሽ ሊገኝ ይችላል።

የብርሃኑ መዋዠቅ በአብዛኛው የመቅረጫው ጥፋት ነው፤ ነጭ ነገር ሲበዛበት የሲግናሉን ኃይል በራሱ ጊዜ ይቀንሳል። እርግጠኛ ለመሆን ያንን ቬሎ ያለበትን ቦታ በአሮጌው ቴሌቪዥን ደግመው ይመልከቱ። እዚያም የሚጨልም ከሆነ ያጨለመው የያኔው ካሜራ ነው፤ ያ ደግሞ ቴፑ ላይ ስላለ ምንም ማድረግ አይቻልም። እዚያ የማይጨልም ከሆነ መቅረጫውን ከመቀየር ውጭ አማራጭ የለዎትም። ከውጭ ተመሳሳይ ሽፋን ያላቸው እነዚህ ርካሽ መቅረጫዎች በውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ስለሚኖራቸው የጎረቤትዎ ጥሩ ሠራ ማለት የእርስዎም ይሠራል ማለት አይደለም። የሆፖግ ዩኤስቢ-ላይቭ 2 ወይም የአይኦ ዳታ ጂቪ-ዩኤስቢ2 ቢያገኙ ይመረጣል።

የድምፁ መለያየት ከተጣሉ ፍሬሞች የሚመጣ ነው። በፓል 25 ፍሬም ቢጎድል ቪዲዮው በ1 ሰከንድ ያጥራል፤ ድምፁ ግን ሙሉውን ርዝመት ይዞ ይቀጥላል። ቲቢሲው ሲገባ ይህም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይድናል።

ባለ ዴኩ

625 መስመር የተናገረው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ከዴኩ መጀመር ነበረበት። ለረጅም ዓመታት ዴክ ስጠግን ያየሁት፣ ሰዎች በኮምፒውተር ሊያስተካክሉ ከሚታገሉት ነገር ብዙው በቆሸሸ ሄድና በላላ የቴፕ ውጥረት የመጣ መሆኑን ነው። ጠርዙ መታጠፉ ራሱ ዴኩ ካሴቱን በሚይዝበት የኋላ ውጥረት ይባባሳል። ስለዚህ ማንኛውንም መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት የሚከተለውን አድርጉ።

ካሴቱን ወደ ዴኩ ከመክተታችሁ በፊት በመስኮቷ በኩል በደንብ እዩት። በተጠቀለለው ቴፕ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ወይም የሸረሪት ድር የሚመስል ክር ካያችሁ ሻጋታ ነውና ወደ ዴኩ አታስገቡት፤ ሄዱን ከመድፈኑም በላይ በዚያው ዴክ በኋላ ወደምታጫውቷቸው ካሴቶች ይጋባል። ሲጸዳም ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ ነው። ንጹሕ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አስሮጣችሁ መልሳችሁ ጠቅልሉት፤ ለዓመታት በአንድ አቀማመጥ የከረመ ቴፕ እንደዚህ ሲደረግ ውጥረቱ እኩል ይሆናል።

ሄዱን በጥጥ በተጠቀለለ እንጨት አትጥረጉት። የጥጡ ክር ሄዱ ላይ ይጠመዳል፤ የሄዱ ጫፍ ደግሞ በቀላሉ የሚሰበር ነገር ነው። ክር የማይለቅ ለስላሳ ቆዳ ወይም ወፈር ያለ ንጹሕ ወረቀት በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥቡ። ከፋርማሲ የሚገዛው ባለ 70 በመቶው ብዙ ውኃ ስላለበት አይሆንም። የረጠበውን ከበሮው ላይ ለጠፍ አድርጋችሁ ሳታንቀሳቅሱ ያዙና በሌላው እጃችሁ ከበሮውን ከላይ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩት። ጨርቁ አይሄድም፣ የሚዞረው ከበሮው ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች ከተጠረገ ሄዱ ሊነቀል ይችላል። ከዚያም አልኮሉ እስኪተን በቂ ጊዜ ስጡት። በዚሁ አጋጣሚ ድምፁን የሚያነበውን የቆመ ሄድ፣ የብረቱን ዘንግና ላስቲኩን ሮለር ጥረጉ፤ እነዚህን በጥጥ ቢሆንም ግድ የለም።

ይህ ከተደረገ በኋላ ትራኪንጉን፣ ማለትም ሄዶቹን ከቴፑ ትራክ ጋር የሚያገጣጥመውን ማስተካከያ፣ በራሱ አትተዉት፤ በእጃችሁ እያስተካከላችሁ በረዶው፣ ማለትም ምስሉ ላይ የሚረጨው ነጭ ነጠብጣብ፣ የሚጠፋበትን ቦታ ፈልጉ። ዴኩ ላይ የምስል ማሳመሪያ፣ ማለትም ማጉሊያ ወይም ማለስለሻ ቁልፍ ካለ ወደ መሃል መልሱት። ማሳመር በኋላ ይቻላል፤ የተሳመረውን ወደ ነበረበት መመለስ ግን አይቻልም።

ከፖቶማክ ማዶ

ጋሽ ባለ ዴኩ ስላሉት የጥጥ ጉዳይ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ የምጽፈው ከዋሽንግተን አካባቢ ነው፤ የእኛ ነገር ትንሽ ለየት ይላል። በዚህ አገር ያለን ቤተሰቦች ሁለት ዓይነት ካሴት ነው ያለን። አንደኛው ከአዲስ አበባ የተላከልን የፓል ካሴት ሲሆን፣ ተራው የአሜሪካ ዴክ አያነበውም። ሁለተኛው እዚሁ የተቀረጸ የኤንቲኤስሲ ካሴት ነው፤ 525 መስመርና በሰከንድ 29.97 ፍሬም። ብዙ ሰው ይህንን ይዞ አዲስ አበባ ሲሄድ እዚያ ያለው የፓል ዴክ ያጫውትለታል፤ ሆኖም ወደ ኮምፒውተር ሲቀዳ ቀለም አልባ ሆኖ ወይም ወደ ላይ እየተንከባለለ ያስቸግረዋል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በርካታ የፓል ዴኮች የአሜሪካን ካሴት ሲያጫውቱ የሚያወጡት ንጹሕ ኤንቲኤስሲ ሳይሆን ቀለሙ በፓል፣ የፍሬም ፍጥነቱ ደግሞ በኤንቲኤስሲ የሆነ ቅይጥ ሲግናል ነው፤ ፓል 60 ይባላል። ቴሌቪዥኖች ይቀበሉታል፤ መቅረጫው ግን ፓል ላይ ከተሞላ መስመሮቹ አይገጥሙለትም፣ ኤንቲኤስሲ ላይ ከተሞላ ደግሞ ቀለሙን አያገኘውም። በመቅረጫው ማስተካከያ ውስጥ ፓል 60 የሚል ምርጫ ካለ ይህ ይፈታል፤ ከሌለ የካሴቱ አገር ዴክ መፈለግ ነው። የሁለቱንም ሥርዓት የሚያነቡ ባለ ብዙ ሥርዓት ዴኮች አሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ አንዱን ሥርዓት ወደ ሌላው የሚቀይር ክፍል ስላላቸው ሰው ይህን ተጠቅሞ ሁሉንም ካሴት ወደ አንድ ሥርዓት መለወጥ ያምረዋል። እኔ አልመክርም። 25 ፍሬምን ወደ 29.97 ለማድረስ ማሽኑ ፍሬም እየደገመ ወይም እያዋሐደ ስለሚሞላ እንቅስቃሴው ይነጥራል፤ መልሶ መለየትም አይቻልም። እያንዳንዱን ካሴት በተወለደበት ሥርዓት መቅዳት ይሻላል፤ ኮምፒውተር ሁለቱንም እኩል ያጫውታል።

ሌላው የእኛ ካሴቶች ጣጣ ፍጥነታቸው ነው። ካሴት ለመቆጠብ ሲባል የሰሜን አሜሪካው የእግር ኳስ በዓልም ሆነ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የ2 ሰዓቱ ካሴት ላይ በ6 ሰዓቱ ፍጥነት ይቀረጽ ነበር። በዚህ ፍጥነት የተቀረጸ ቴፕ ትራኮቹ እጅግ ጠባብ ስለሆኑ በአንዱ ዴክ በረዶ የሚዘንብበት ካሴት በሌላው ዴክ ጥርት ብሎ ሊወጣ ይችላል። የሚቻል ከሆነ ከዘመድ ከወዳጅ ሁለት ሦስት ዴክ ተውሶ ማነጻጸር ከማንኛውም ፕሮግራም የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ቀላሉ መንገድ

ይህን ሁሉ ማን ይችለዋል? የሦስቱን ቀለም ገመድ ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይር ትንሽ ሳጥን በጥቂት ብር ትገኛለች። እሷን ከጌም መቅረጫ ጋር አገናኝቶ ኦቢኤስ በተባለው የመቅጃ ፕሮግራም በ1080 መቅዳት፣ ከዚያም ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚጠቀሙት ፕሮግራሞች ወደ 4ኬ ማሳደግ ነው። እኔ እንደዚህ ነው የማደርገው፤ ቤተሰቡም ተደስቷል።

625 መስመር

ቤተሰቡ መደሰቱን አልክድም፤ በስልክ ለሚታይ ቪዲዮ ያስኬዳል። ነገር ግን ያቺ ሳጥን ምን እንደምትሠራ ማወቅ ጥሩ ነው። ሁለቱን ግማሽ ፍሬሞች ራሷ በችኮላ ታዋሕዳለች፤ 4 በ3 የሆነውን ምስል ብዙ ጊዜ ወደ 16 በ9 ትለጥጠዋለች፤ ከዚያም 576 መስመሩን ወደ 720 ወይም 1080 ታሳድገዋለች። እነዚህን ሦስት ነገሮች ኮምፒውተር ውስጥ በዝግታ እጅግ በተሻለ ጥራት መሥራት ይቻል ነበር፤ አንዴ ሳጥኗ ከሠራቻቸው ግን ጥሬው ምስል አብሮን አይኖርም። መስመሮቹን ማቅናትም አትችልም፤ የታጠፈው ጠርዝ እንደታጠፈ ከፍ ብሎ ይታያል።

4ኬን በተመለከተ፣ ቪኤችኤስ በአግድም፣ ማለትም ከግራ ወደ ቀኝ ጎን ለጎን፣ መለየት የሚችለው ወደ 240 መስመር ገደማ ሲሆን (ከላይ ወደ ታች ከሚቆጠሩት 576ቱ የተለየ ነው)፣ ለቀለም ብቻ ከሆነ ወደ 40 ይወርዳል። ከዚያ በላይ ያለው ዝርዝር ሁሉ ፕሮግራሙ የገመተው ነው። ለግድግዳ ጥለት ችግር የለውም፤ ፊት ላይ ግን፣ በተለይ ከኋላ ረድፍ በቆሙ ትናንሽ ፊቶች ላይ፣ ፕሮግራሙ የማይታወቅ ሰው ዓይንና ጥርስ ያስገባል። አያቴን ሌላ ሴት አድርጎ የሚሰጠኝን ቪዲዮ ጥራት አለው ብዬ ለመቀበል እቸገራለሁ። መጀመሪያ ጥሬውን በደንብ ይያዙ፤ ከዚያ በኋላ ቅጂው ላይ ማንም የፈለገውን ይሞክር።

የሠርግ ካሴት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሽ ባለ ዴኩ እንዳሉት ሄዱን አጸዳሁ፤ ጨርቁ ላይ የቀረው ቡናማ ቆሻሻ አስገርሞኛል። ዲስክ የማያነብ የኢኤስ10 ዲቪዲ መቅረጫና የተሻለ የዩኤስቢ መቅረጫም አገኘሁ። ጠርዙ ቀጥ ብሏል። ቬሎው በመጣ ቁጥር የነበረው መጨለምም ጠፍቷል፤ በአሮጌው ቴሌቪዥን ሳየው ብዙም አይጨልምም ነበርና መቅረጫው እንደነበረ ተረጋገጠ።

አሁን ግን አዳዲስ ነገሮች ታዩኝ። አንደኛ፣ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለች የምትወጣ፣ በጣም ደብዛዛ የሆነች ጨለም ያለች አግድም መስመር አለች። ሁለተኛ፣ ጥቁሩ ሱፍ አንድ ወጥ ጥቁር ሆኖ እጥፋቱ አይታይም። ሦስተኛ፣ የእናቴ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ቀዩ ቀለም ከጥለቱ ወጥቶ ወደ ቀኝና ወደ ታች የፈሰሰ ይመስላል። አራተኛ፣ ሰው ፊቱን ሲያዞር ቆዳው ሰም የተቀባ ይመስልና ከኋላው ጥላ ይጎትታል። ፕሮግራሙን ወደ ቨርቹዋልደብ ቀይሬያለሁ፤ የት የት መንካት እንዳለብኝ ግን አላወቅሁም።

625 መስመር

በመጀመሪያዋ ልጀምር፤ በጣም ቀላሏ ናትና። ላፕቶፕ የሚጠቀሙ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ብቻ ያስኬዱትና መስመሯ ትጠፋ እንደሆነ ይዩ። ከጠፋች ዴኩና ኮምፒውተሩ ከተለያየ ሶኬት ኃይል በመውሰዳቸው በምስል ገመዱ ውስጥ የሚዞር የ50 ኸርዝ ፍሰት ነበር ማለት ነው። ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ። የምድር ሽቦ ቆርጦ መጣል ይቻላል የሚሉ አሉ፤ አደጋ ስለሆነ አይስሟቸው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆኑ ያንኑ ማከፋፈያ ከዩፒኤስ ላይ ማድረጉ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ዴኩ ቴፑን እንደጎተተ መብራት ቢጠፋ ቴፑ ሊጨማደድ ይችላልና።

ሰም የተቀባ ቆዳና የሚጎተተው ጥላ የዲቪዲ መቅረጫው የራሱ ማለስለሻ ነው። በማስተካከያው ዝርዝር ውስጥ ለገቢ ምስል የሚሆን የጩኸት መቀነሻ ይኖራል፤ ያጥፉት። ኢኤስ10 ላይ ካጠፉት በኋላም ትንሽ ሊቀር ይችላል፤ ኢኤስ15 በዚህ የተሻለ ነው።

ስለ ጥቁሩ ሱፍ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ እዚህ ላይ የሚጠፋው መረጃ ዳግም አይገኝምና። በዲጂታል ቪዲዮ ከ0 እስከ 255 ካለው መለኪያ ውስጥ ጥቁር 16፣ ነጭ ደግሞ 235 ላይ እንዲያርፍ ተወስኗል። ከካሴት የሚመጣው ሲግናል ግን ይህን ወሰን አያከብርም፤ የሠርግ ቀራጮች መብራት በቀጥታ ፊት ላይ ስለሚያበሩ ነጩ ብዙ ጊዜ ከ235 ያልፋል። በቨርቹዋልደብ የመቅጃ ገጽ ላይ የብርሃን ግራፉን ይክፈቱ። ከምስሉ ዳርና ግርጌ ያለው ጥቁር ክፈፍ ግራፉን እንዳያሳስትዎት በመቁረጫው ለጊዜው ያስወጡት፤ መቅዳት ሲጀምሩ ግን መቁረጫውን መመለስዎን አይርሱ። ከዚያም የካሴቱን በጣም ጨለማና በጣም ደማቅ ቦታዎች እየፈለጉ ያጫውቱ፤ ግራፉ በሁለቱም ጫፍ ቀይ ከተቆለለበት ብሩህነቱንና ንፅፅሩን ከዩኤስቢ መቅረጫው ማስተካከያ ላይ ቀስ እያሉ ይለውጡ። ጥቁሩን የሚያነሳው ብሩህነት ነው፣ ነጩን የሚያወርደው ንፅፅር፤ አንዱን ሲነኩ ሌላው ይንቀሳቀሳልና እየተመላለሱ ነው። ምስሉ ትንሽ የደበዘዘ ቢመስልዎት አይደንግጡ፤ በኋላ በፕሮግራም ማጥቆር ይቻላል። እንደ ቬሎው ያለውን አንድ ቅጽበት ብቻ አይተው ሙሉ ካሴቱን አያጨልሙ፤ ሰላማዊውን ክፍል መሠረት ማድረግ ይሻላል።

የሚቀዱት ደግሞ በ720 በ576፣ የቀለም ዓይነቱ 4፡2፡2፣ መጭመቂያው ሃፍዋይዩቪ ወይም ላጋሪዝ ይሁን። እነዚህ ከምስሉ ምንም ሳይጥሉ የሚጨምቁ ናቸው፤ ለ1 ሰዓት ከ30 እስከ 40 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋሉ። ኤምፔግ 2 የካሴቱን በረዶ ሊጨምቅ ሲታገል ሙሉውን ምስል ወደ ትናንሽ ካሬዎች ይሰባብረዋል፤ ፊተኛው ቅጂዎ ላይ ይህንም ሳያዩት አልቀሩም። የተጣለና የተጨመረ ፍሬም ቆጣሪዎች ሁለቱም እስከ መጨረሻው ዜሮ ላይ መቆየት አለባቸው። ቁጥሩ የሚጨምር ከሆነ የዩኤስቢ መቅረጫውን ከዩኤስቢ ማከፋፈያ ነቅለው ኮምፒውተሩ ላይ በቀጥታ ይሰኩ፣ የሚቀዱበትንም ዲስክ ስርዓተ ክወናው ካለበት የተለየ ያድርጉት። ድምፁንም በዚያው መቅረጫ ያስገቡ፤ በኮምፒውተሩ የድምፅ ካርድ ከገባ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ስለሚቆጥሩት ቀስ በቀስ ይለያያል።

ባለ ዴኩ

ስለ ቀዩ ጥለት እኔ ልጨምር። ቀለሙ ወደ ታች መውረዱ ካሴቱ ዋናው ሳይሆን ቅጂ መሆኑን ይጠቁማል። በዚያ ዘመን የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጹ ባለሙያዎች ከዴክ ወደ ዴክ እያሳለፉ ያቀናብሩ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ለሙሽሮች፣ ለወላጆች፣ ለሚዜዎች እየተባዛ ይሰጣል። በፓል ቪኤችኤስ አንድ ጊዜ በተባዛ ቁጥር ቀለሙ ከብርሃኑ ትንሽ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ፕሮግራም ከመጠቀማችሁ በፊት ዘመድ ቤት ሌላ ካሴት ካለ ጠይቁ፤ በአንዱ ቤት ያለው ሦስተኛ ቅጂ ሲሆን በሌላው ቤት ያለው ዋናው ሊሆን ይችላል። ሚዜዎችንም አትርሷቸው።

ከፖቶማክ ማዶ

እህቴ፣ ውጭ የሚኖር ዘመድ ካለሽም ጠይቂ። በዚያን ጊዜ ለውጭ ዘመድ የሚላከው ካሴት ብዙ ጊዜ ተባዝቶ ከሚሰጠው ቀድሞ የሚወጣ ነበር፤ በእኛ ዴክ ስለማይሠራም አንዴም ሳይጫወት ሳጥን ውስጥ የቀረ ብዙ አለ።

የሠርግ ካሴት

አጎቴ ስዊድን አንድ ካሴት እንዳለው ነግሮኛል፤ እዚያም ሥርዓቱ ፓል ስለነበረ የእኛ ዴክ ያነበዋል። እስከዚያው ያለኝን በሃፍዋይዩቪ ቀድቻለሁ፤ ቆጣሪዎቹ ዜሮ ናቸው፣ መስመሯም ማከፋፈያውን አንድ ሳደርገው ጠፍታለች። ቀለሙን ግን በፕሮግራም እንዴት ነው የማነሣው? ጥርሱንስ የማጠፋው በምን ነው? ዘመዶቼ በዩቲዩብ ነው ማየት የሚፈልጉት።

625 መስመር

ሁለቱም አቪሲንዝ በተባለው፣ ቪዲዮን በጽሑፍ ትእዛዝ በሚያስተካክለው ፕሮግራም ይሠራሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ግን መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ ጥርሱ፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ ከዚያ የበረዶው ማለስለስ፣ በመጨረሻ መጠኑ። ጥርሱን ለማጥፋት በውስጡ የሚሠራውን ኪውቲጂኤምሲ የተባለ ማጣሪያ ይጠቀሙ። ቀርፋፋ ነው፤ ደካማ ኮምፒውተር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሊሠራ ይችላል። በችኮላ ከሆነ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ያለው ቢደብልዩዲአይኤፍ የተባለ ማጣሪያም መጥፎ አይደለም። ዋናው ነገር ከእያንዳንዱ ግማሽ ፍሬም አንድ ሙሉ ፍሬም እንዲያወጣና ውጤቱ በሰከንድ 50 ፍሬም እንዲሆን ማድረግ ነው። 25 ላይ ቢያስቀሩት የእስክስታው ግማሽ እንቅስቃሴ ይጣላል፤ ትከሻ የሚንቀጠቀጥበት ጭፈራ ደግሞ በ25 ፍሬም ደረቅ ሆኖ ነው የሚታየው። የግማሾቹ ተራም መስተካከል አለበት፤ በእነዚህ መቅረጫዎች የላይኛው ይቀድማል፣ በዲቪ ካሜራ በኩል ለሚቀዱ ግን የታችኛው ነው የሚቀድመው። ከተገለበጠ ሰዎቹ ወደፊት እየሄዱ ወደ ኋላ የሚንገጫገጩ ይመስላሉ፤ ወዲያውኑ ያውቁታል።

ለቀለሙ፣ ብርሃኑን ሳይነኩ የቀለሙን ክፍል ብቻ ጥቂት መስመር ወደ ላይና ጥቂት ፒክስል ወደ ግራ መግፋት ነው። ስንት እንደሆነ የሚነግርዎት ራሱ ጥለቱ ነው። ቀሚሱ ቆሞ የሚታይበትን አንድ ፍሬም አጉልተው የቀዩ ጠርዝ ከጥለቱ መስመር ጋር እስኪገጥም ድረስ አንድ አንድ እያሉ ይሞክሩ። የፈሰሰው ቀለም ሙሉ በሙሉ አይሰበሰብም፣ ቅድም እንዳልኩት ቀለሙ የሚለየው ወደ 40 መስመር ብቻ ስለሆነ፤ በቦታው ሲቀመጥ ግን ዓይን ይቀበለዋል።

ለዩቲዩብ ሲሆን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በ576 ቢጭኑት 50 ፍሬሙን አይጠብቅልዎትም፤ በሰከንድ 50 የሚሰጠው ከ720 መስመር ጀምሮ ነው። ስለዚህ ለዘመዶች የሚሆነውን ቅጂ ወደ 1440 በ1080 አሳድገው ይጫኑ፤ 4 በ3 ስለሆነ በጎንና ጎን ጥቁር ይኖራል፤ ያ ትክክለኛው ቅርጹ ነው። ግርጌ ላይ ያለውን የሄድ ርክክብ ጭረት በዚህ ቅጂ ላይ በጥቁር ይሸፍኑት። የሃፍዋይዩቪውን ፋይል ግን እንደተቀዳ፣ ሳይቆረጥና ሳይጸዳ፣ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ያስቀምጡ።

ቀላሉ መንገድ

አንድ ጥያቄ ብቻ። ሙሉውን ነገር በድጋሚ ሳንቀዳ ለወደፊት የሚሆን ሌላ ዘዴ የለም? የዴኮቹስ ነገር እንዴት ይሆናል?

625 መስመር

አለ። ቪኤችኤስ-ዲኮድ የሚባል ነጻ ፕሮግራም፣ ሲግናሉን ከዴኩ መውጫ ሳይሆን ከሄዱ ማጉያ ላይ በቀጥታ ወስዶ፣ ዴኩ ይሠራው የነበረውን ሥራ ሁሉ በኮምፒውተር ይሠራል። ቲቢሲውም በውስጡ ስላለ ጠርዝ መታጠፍ የሚባል ነገር አይኖርም። ሆኖም ዴኩን ከፍቶ ሽቦ መበየድ ይጠይቃል፤ ሄዱም የግድ ጤነኛ መሆን አለበት። የጃፓኑ ኩባንያ ፉናይ የዴክ ምርት እ.ኤ.አ. በ2016 ካቆመ በኋላ አዲስ ስለማይገኝ፣ የሚሠራ ዴክ ያለው ሰው መበየዱን ከመሞከሩ በፊት ካሴቶቹን አስቀድሞ በተለመደው መንገድ ቢቀዳ ይሻላል።

ባለ ዴኩ

የምትበይዱ ከሆነ መሞከሪያ ነጥቡ በሰርኪዩት ቦርዱ ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል፤ ምልክቱን ፎቶ አንስታችሁ እዚህ ብትለጥፉ የትኛው እንደሆነ አሳያችኋለሁ። ዴኩን ከመክፈታችሁ በፊት ከሶኬት ነቅላችሁ ትንሽ አቆዩት፤ የኃይል ክፍሉ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም ይይዛሉ።